የሚያልበው ግድግዳ

አደጋው የገባኝ ሻምበሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስቲ ስለ ልጅነትሽ አውጊኝ» ያለኝ ጊዜ ነው።

እስከዚያ ድረስ ይጮህብኝ ነበር። ጩኸት እችላለሁ፤ ሟቹ ባሌም ጯኺ ነበር። «ልጅሽ የት ነው?» ይለኛል፤ «አላውቅም ጌታዬ» እለዋለሁ፤ ጠረጴዛውን ይደበድባል፤ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ። እንዲህ እያልን ሰነበትን። ያን ቀን ግን በርጩማ አስመጥቶ አስቀመጠኝ። ውሃም በጣሳ አስቀዳልኝ። 

ልጄ ያኔ ተማሪ ነበር። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ለእረፍት ሰቆጣ መጥቶ፣ ገበያ መሃል ድንጋይ ላይ ወጣና፣ «እህል ያልበቀለበት መሬት የምን ግብር አለው?» ብሎ ተናገረ። ሰው አጨበጨበለት። በማግስቱ ፖሊሶች ቤቴን ሲከቡ ግን ካጨበጨበው አንድም ብቅ ያለ የለም። አልጋውን ገለበጡ፣ ጎታውን በዘንግ ወጉ፣ ቆጡን ፈተሹ፤ አጡት። እሱን ሲያጡ እኔን ወሰዱኝ።

የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የኮርቻ ማስቀመጫ ነበር። ኮርቻው ከወጣ ቆይቷል፤ የበቅሎ ላብ ሽታው ግን አልለቀቀም። መስኮቷ ከራሴ በላይ ናት፤ በእሷ የሚገባው ብርሃን ግድግዳ ግድግዳውን ሄዶ መሬት ሳይደርስ ይጠፋል። ሽታው ሌላውን ሰው ያስጠላው ይሆናል። እኔ በእሱ ነው ያደግሁት።

«የት አደግሽ?» አለ ሻምበሉ።

«እዚሁ ሰቆጣ፣ ጨው ሰፈር ጌታዬ።»

«አባትሽ?»

«ጨው አውራጅ ነበር።»

«እናትሽስ?»

«አሞሌ ጨው በልጥ ታስር ነበር።»

«ልጆች ሆናችሁ እንግዲህ የት የት ነበር የምትደበቁት?» አለና ፈገግ አለ። አገሩ ሩቅ ነው፤ ጥርሱ ያምራል።

በር ላይ የቆመውን ፖሊስ ሰረቅ አድርጌ አየሁት። እሱም የጨው ሰፈር ልጅ ነው። የእናቱ ቤትና እኔ የወረስኩት የአባቴ ቤት ጀርባ ለጀርባ የተያያዙ ናቸው። የተያያዙ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። በሁለቱ ግንቦች መሃል ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ክፍተት አለ። ላዩ በድንጋይና በጭቃ ተደፍኗል፤ መግቢያው በእኛ በኩል ከመደቡ ሥር ነው፣ በእነሱ በኩል ከምድጃው ኋላ። አያቶቻችን የሠሩት ቀረጥ ተቀባይ ሲመጣ ጨው ለመሸሸግ ነው። የጨው ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ወሬው ግን ከሰፈሩ ወጥቶ አያውቅም።

ልጄ የነበረው እዚያ ውስጥ ነው።

ዝም ካልኩ ይጠረጥረኛል አልኩና ማውራት ጀመርኩ። ያወራሁት ሁሉ እውነት ነው፤ ያንን ክፍተት ብቻ እየዞርኩ ነበር የማልፈው። ጨው የሚያመጣው የነጋዴ ቅፍለት ቃጭል ከወንዙ ማዶ ሲሰማ ልጅ ሁሉ የያዘውን ጥሎ እንደሚሮጥ ነገርኩት። አህዮቹ ጀርባቸው ተልጦ ይመጣሉ። አባቶቻችን ያወርዳሉ፤ እናቶቻችን የላላውን አሞሌ በልጥ መልሰው ያስራሉ። የእናቴ ጣቶች ከጨው ብዛት ተሰነጣጥቀው፣ በርበሬ የነካች እንደሆነ ተቀምጣ እፍ እፍ ትላቸዋለች። እኛ ከሥር ከሥር ፍርፋሪ እንለቅማለን። የደብሩ ሰፈር ልጆች ያዩን እንደሆነ፣ «የጨው ሰፈር ፍየሎች! ምኤኤ!» ይሉናል። እኛም ሁለት ጣታችንን ግንባራችን ላይ ቀንድ አድርገን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር እናባርራቸዋለን።

ሻምበሉ ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። እኔም፣ ፈጣሪ ይየው፣ ደስ አለኝ። ለጥቂት ጊዜ የት እንደተቀመጥኩ ረሳሁት።

«ሌላስ?»

«ሌላማ ክረምቱ ነው ጌታዬ። ጨው ክረምት አይወድም። ልብሳችን አይደርቅ፣ እንጨታችን አይነድ፣ ግድግዳችንም ያልበዋል…»

አፌን ዘጋሁ። ወጥቶ ካለቀ በኋላ መዝጋት ምን ያደርጋል። ጨው የጠጣ ግንብ ክረምት ሲመጣ ውሃ ያወጣል፤ ግንብ ጨው የሚጠጣው ደግሞ ውስጡ ጨው ሲሸሸግበት ነው። በሰፈራችን ይሄ እንደ ደኅና አደራችሁ ነው፤ «ዘንድሮ ግድግዳችሁ አላበው ወይ?» እየተባባልን ነው ያደግነው። ለሌላ ሰው የሚነገር ነገር መሆን አለመሆኑ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ሻምበሉ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ሳቁ የለም።

«ግድግዳ ለምን ያልበዋል?»

ቀኝ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ልከተው ስል ፖሊሱ አየኝ። መዳፌ ላይ የጥርስ ጠባሳ አለ፤ የእሱ ጥርስ ነው። ገና ሕፃን ሳለ፣ ልጆቹ ጨው እየተቀባበልን ወደ ክፍተቱ ስናስገባ ቀራጮቹ ድንገት ደረሱና መግቢያው ተደፈነብን። ጨለማ ነው። እሱ ሊያለቅስ አፉን ከፈተ፣ በመዳፌ ከደንኩት። ነከሰኝ። እስኪሄዱ ድረስ አልለቀቅሁትም።

ሻምበሉ ወደ እሱ ዞረ። «አንተም የዚያው ሰፈር ልጅ ነህ አይደል? እውነቷን ነው? ያልበዋል?»

የፖሊሱ ዓይን አሁንም መዳፌ ላይ ነበር። 

«እውነቷን ነው ጌታዬ» አለ።

ቀና ብሎ ቀጠለ።

«ሰፈሩ የፍየል ሰፈር ነው እኮ። ዝናብ ሲሆን ማን ሜዳ ይወጣል? ከእሷ ቤት ግድግዳ ሥር ያልሸና ልጅ የለም። እኔ ራሴ ስንቴ ሸንቻለሁ። አባቷ በአለንጋ ያባርሩን ነበር።»

ሻምበሉ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየ። አንገቴን ደፋሁ፤ እፍረት መስሎት ይሆናል።

«ውሰዳት ወዲያ!» አለ አፍንጫውን ይዞ።

ከሰዓት ፖሊሱ ንፍሮ አመጣልኝ። የእስር ቤት ንፍሮ ጨው የለውም። ሳህኑን አስቀምጦ ሲያበቃ ጭብጡን ፈታው፤ የአሞሌ ጠርዝ ነው፣ አመድማ፣ እንደ አውራ ጣት ጥፍር።

«እትዬ፣ እንዲሁማ አይወርድልሽም» አለኝ።

«ከየት አመጣኸው?»

«እናቴ ናት። ሰላም ብላሻለች።» ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ቀጠለ። «ልጅሽ ምሳውን በእኛ በኩል እየወጣ ይበላል። እናቴ ግን አማረረች። ረጅም ነው፣ በወጣ በገባ ቁጥር ራሱን ግንብ ይመታዋል፤ አንተ ልጅ ቤቴን ልታፈርስ ነው ትለዋለች። የገበያ ዕለት ከአበርገሌ ሰዎች ጋር ይወርዳል።»

የጨው ሰፈር ልጅ ያገኘውን ፍርፋሪ ብቻውን አይበላም፤ የበላ ጥርሱ ይረግፋል ይሉን ነበር። ጨውዋን በጥርሴ ከፈልኳትና ግማሿን፣ ጠባሳው ባለበት መዳፌ፣ ዘረጋሁለት።

«ብላ። ደግሞ እንዳትነክሰኝ።»

ድምፅ ሳያሰማ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ። ባርኔጣውን አውልቆ ቁጢጥ አለና ጨውዋን ምላሱ ላይ አደረጋት። እኔም የራሴን ንፍሮው ላይ ፈረፈርኩ። ከታሰርኩ ወዲህ ምግብ የበላሁት ያን ቀን ነው ማለት እችላለሁ።

ሻምበሉ ሁለተኛ ስለ ልጅነቴ አልጠየቀኝም። እስረኛው እየበዛ ክፍሉ ሲጠብ ጊዜ፣ «ሂጂ፣ ግን ከከተማ እንዳትወጪ» አለኝ። «እሺ ጌታዬ» አልኩት። ገበያ ቀን ጠብቄ ባዶ ቅል አንግቼ ከአበርገሌ ሴቶች ጋር ወጣሁ። ቁልቁለቱ ላይ ከኋላችን ድንጋይ በተንከባለለ ቁጥር እቆማለሁ። ሁልጊዜም ፍየሎች ነበሩ።

አሁን የምኖረው አበርገሌ፣ ኒሯቅ ነው። ደረቅ አገር ነው፤ እዚህ ግድግዳ አያልበውም። ክረምት ሲገባ ሰቆጣ ያለው ቤቴ ትዝ ይለኛል። ጨው ከወጣለት ስንት ዘመኑ ነው፤ ዛሬም ያልበው ይሆን እላለሁ። ፖሊሱን ዳግመኛ አላየሁትም። መዳፌን ሳየው ግን አየዋለሁ።

ልጄ ከደጅ እንጨት ይፈልጣል፤ ይሰማኛል። የተከተለን ሰው የለም። ሁለታችንም ደርሰናል፤ ደኅና ነን።