ጃንጥላ የተጋደመበት ወንበር

የመንገድ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እኚህ ሴትዮ በሩ አጠገብ፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ አይጠፉም። አረንጓዴ ሹራባቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። ጃንጥላቸውን ከጎናቸው ባለው ወንበር ላይ ያጋድሙና ሊቀመጥ የመጣውን ሁሉ «ሰው አለው» ብለው ይመልሱታል። አዳራሹ ጢም ቢልም ንቅንቅ የለም።

ዛሬም መሐንዲሱ አውራ ጎዳናው ይስፋ አለ። ወጣቶቹ ደግሞ የለም፣ ጠቦ ለእግረኛና ለሳይክል ይለቀቅ አሉ። ባለመኪናና ባለሳይክል ዓይንና ናጫ ሆነው ሲነታረኩ ሰብሳቢው ሰለቸውና «እጅ ይውጣ» አለ። እሳቸው ለመጀመሪያው ሐሳብ እጃቸውን አወጡ፤ ለሁለተኛውም አወጡ።

«እማማ፣ ለሁለቱም እጅ አይወጣም» አላቸው ሰብሳቢው።

«እንግዲያው ለሌላ ቀን ይቀጠር።»

አዳራሹ ሳቀ። ድምፁ ግን እኩል ለእኩል ሆነና ነገሩ እውነትም ተቀጠረ።

ሰው ወደየመኪናው ሲበተን እሳቸው ጃንጥላቸውን አንስተው ማንም ያልተቀመጠበትን ወንበር በመሐረብ ጠረጉት። የማን ቦታ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«የጎረቤቴ ነው። ይሄ አስፋልት ሳይመጣ እሳት ተጫጭረን የኖርን ነን። አሁን እሷ ከማዶ፣ እኔ ከወዲህ፤ መሻገሪያ የለው። የምንገናኘው እዚህ ነበር።»

«ዛሬ ቀሩ?»

«ከቀረች ከርማለች።»

ታዲያ ለምን ይደክማሉ ልላቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«አንድ ቀን እንደምንም ብላ ብትመጣና ነገሩ ተወስኖ ስብሰባው አልቆ ብታገኘውስ?»