ታጥቦ የጠበቀኝ የነሐስ ቁራ

ንጋት 12፡00፣ ዲላ መናኸሪያ

የድሮ ነሐስ በማወቅ ከሞያሌ እስከ ሁመራ አቻ የለኝም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ አሽትቼ ብቻ ዕድሜውን እናገራለሁ። ይህንኑ ለሾፌሩ በሰፊው ሳስረዳ ቆይቼ፣ መኪናው ሊነሳ ሲል ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ።

"ዱመርሶ።"

"ጋሼ፣ ይሄ የሐዋሳ ነው! ይውረዱ እንጂ!"

1፡20፣ ወናጎ

ትክክለኛው ሚኒባስ ውስጥ፣ በአንዲት ዶሮና በአንድ ቄንጠኛ ተማሪ መሃል ተጣብቄያለሁ። በመስኮቱ እንሰት፣ ከእንሰቱ መሃል ቡና፣ ከቡናው በላይ ትልልቅ ዛፍ። ዱመርሶ የምሄደው ለቁራ ነው። ዶሮ የሚያህል የነሐስ ቁራ፤ እማማ ማርታ ከሟች ባላቸው የቀራቸው። ቡና ማስጫው አልጋ ላይ ሸራውን ነፋስ እንዳይወስደው ሲጫን ኖሯል። በስልክ የደረሰኝን ፎቶውን ሳይ እንቅልፍ አጣሁ፤ ጥቁር ነው፣ ክንፉ ሥር ዘመን የቀባው አረንጓዴ ዝገት አለው። የእንስሳት ቅርጽ ለምንሰበስብ ሰዎች ያ ዝገት የልደት የምስክር ወረቀት ነው።

ትናንት ስደውል እማማ፣ "እስከ አራት ሰዓት ካልደረስክ ለሰፈራችን መምህር እሸጠዋለሁ፤ እሱም ፈልጎታል" ብለውኛል።

3፡00፣ ዱመርሶ

ደረስኩ! እማማ ማርታ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። ሲገልጡት ፀሐይ አረፈችበትና ዓይኔን በእጄ ጋረድኩ። ቁራው ወርቅ ሆኗል!

"እማማ፣ ይሄማ አዲስ ነው። አስመስላችሁ አሠርታችሁ ልታታልሉኝ?"

"ምን አልክ? ትናንት ከምራቴ ጋር በሎሚና በአመድ ስንፈትገው የዋልነውን! እንግዳ እየመጣ እንደቆሸሸ ይሰጠዋል እንዴ?"

መቶ ዓመት ከሎሚው ጋር ፈሶ ሄዷል።

"የምፈልገውኮ ዝገቱን ነበር።"

"ዝገት ፍለጋ ነው ከዲላ የመጣኸው? የእኛ ቤት ቆርቆሮ ሞልቶታል!" አልጋው ዙሪያ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ።

ይቅርታ ጠይቄ እጄን ዘረጋሁ። ታጥቦም ቢሆን ቁራው ቁራ ነው። እማማ ግን መልሰው ጠቀለሉት።

"አታላይ ላለኝ ሰው የባሌን ዕቃ አልሰጥም፣ ልጄ።"

4፡00 ሳይሞላ መምህሩ መጣ። "እሰይ፣ እንዴት ያምራል!" ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ቡናም ጋበዙት፤ እኔን ውሃ።

8፡00፣ ዲላ፣ ቤቴ

መደርደሪያዬ ላይ እንግዳ ሁሉ የሚያደንቃቸው ሦስት "የጥንት" ወፎች አሉ። ሦስቱንም የገዛሁት አዲስ ሳሉ ነው። አረንጓዴውን ዝገት በኮምጣጤና በጨው ያበቀልኩባቸው እኔ ነኝ።