ከፍላሹ ውስጥ የጠፉት ስሞች

ቤቴ ውስጥ የሰው ስም ተጽፎ እንዲቀመጥ አልወድም። የእድር ደብተር እንኳ ተራዬ ሲደርስ ለጎረቤት አሳልፌ እሰጣለሁ። ትልቁን ልጄን ከዚሁ ከአምቦ ቤቴ የወሰዱት ስሙ በሰው ደብተር ላይ ስለተገኘ ነው። ከአንዱ ክረምት እስከ ሌላው ክረምት አላየሁትም። ሲመለስ በር በተንኳኳ ቁጥር ወደ ጓሮ የሚሮጥ ሰው ሆኖ ተመለሰ።

እህቱ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ፈታ ቤት ተቀምጣ ነበር። አንድ ቢሮ የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር አምጥታ መኝታ ቤት ተከለችው። ሥዕል የለው፣ ፊልም የለው፤ ጥቁር ላይ ነጭ ፊደል ብቻ ይሮጥበታል። ምንድን ነው ብላት ሊኑክስ ነው አለችኝ፤ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ነገር። የእሷ ሥራ ማሳነስ ነው። የማያስፈልገውን እየነቀለች ትጥላለች፣ አልነሳ ሲላት የነቀለችውን ትመልሳለች። "ሃርሜ፣ እናቴ፣ ሳይሞት እስከምን ድረስ እንደሚከሳ እያየሁ ነው" ትለኛለች።

እንዲያ የደከመችው በምክንያት ነው። ጎጆ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት አሮጌ ኮምፒውተሮች ተሰጥተውት፣ ከባዱን ፕሮግራም መሸከም አቅቷቸው ክፍሉ ተቆልፏል። ያስነሳቸው ሰው የኮምፒውተር ክፍሉ ሠራተኛ ይሆናል ብለዋታል።

አንድ ቀን ከሰዓት ስገባ ጥቁሩ ላይ ስም በስም ተደርድሯል። የማላውቀው አገር ስም ሁሉ፣ ከሥር የእሷ።

"እነዚህ እነማን ናቸው?"

"የሠሩት ሰዎች ናቸው። እኔ ያገኘሁት ከእነሱ ነው።"

"ታውቂያቸዋለሽ?"

"የት አውቃቸዋለሁ?"

"ከማታውቂው ሰው ሥር ስምሽን ትጽፊያለሽ? አጥፊው።"

"አይቻልም ሃርሜ፣ አብሮት የመጣው ፈቃድ እንደዚያ ነው።" አስረዳችኝ። ውሰዱ፣ ለውጡ፣ ለፈለጋችሁት ስጡ ይላል። ብቻ የሠሩትን ሰዎች ስም አትፋቁ፤ የለወጠ ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደለወጠ ይጻፍ፤ የምትሰጡትም ሰው እንደ እናንተው ውስጡን ከፍቶ ማየት ይቻለው።

"ወንድምሽን የበላው ስም ነው። አንቺ ተራሽን ትጠብቂያለሽ?" አልኩና ሶኬቱን ነቀልኩት። ኮምፒውተሩ ሦስት ቀን ሳይጠፋ ሲሠራው የነበረ ነገር ነበር። አውቄ ነው የነቀልኩት። አላለቀሰችም። መልሳ ሰካችውና ከመጀመሪያው ጀመረች።

ሥራው አልቆ ፍላሽ ላይ በገለበጠችበት ሳምንት፣ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ፍላሹን ከቦርሳዋ አወጣሁ። የባለቤቴ ዘመድ ኮምፒውተር ይጠግናል። ወሰድኩለት።

"ስሟን አጥፋልኝ" አልኩት።

"የእሷን ብቻ?"

"የሰው ስም የሚባል እንዳይቀር።"

አጠፋልኝ፤ ፍላሹንም ወደ ቦርሳዋ መለስኩት። እሱ ግን ቅጂ አስቀርቶ ቀድሟት ጎጆ ሄዶ ኖሯል። ልጄ ጎጆ ስትደርስ ኮምፒውተሮቹ ተነስተዋል፣ ላያቸው ላይ የእሱ ስም አለ፣ ውስጡም በእሱ የይለፍ ቃል ተቆልፏል። የእኔ ሥራ ነው ብትል፣ ዘመዳሞች ናችሁ፣ በሽማግሌ ጨርሳችሁ ኑ ብለው የትምህርት ቤቱ ሰዎች መለሷት።

ሦስት ሽማግሌዎች በዘመዳችን ቤት ተቀመጡ። አንደኛው የጎጆ ገበሬ ናቸው። የቤታችንን ኮምፒውተር አምጥታ ስሞቹን ብታሳያቸው፣ ዘመዳችን "ከእኔ ገልብጣ ስሟን ጨመረችበት" አለ። ከጥቁሩ ላይ ማን አንብቦ ይፍረድ?

"እሱ ቢወስደው ይከለከላል?" አሏት አንዱ።

"አይከለከልም አባባ።"

"ታዲያ ምን በደለሽ?"

"ስሞቹን ፋቀ። የእኔን ብቻ አይደለም፣ የሁሉንም። ደግሞ ቆለፈው።"

"የፈረንጅ ጠበቃ ሆነሻል በይኛ" አሉ። የጎጆው ሰውዬ ግን አልሳቁም። "እኛ ዘንድ የድንች ዘር የሚሰጥ ሰው ከማን ጓሮ እንዳመጣው ይናገራል። በሽታ የገባ ቀን ወደ ማን እንሂድ? ልጅቱ እውነት አላት" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንድ ቤት ነው የምትኖሩት። ሥራው የማን ነው?"

የእሷ ነው ብል ስሟ በየኮምፒውተሩ ላይ ሊቀመጥ ነው፤ ያየው ሁሉ ሊያነበው ነው። አንድ ቀን ደግሞ በሬ ሊንኳኳ። ፍላሹን የወሰድኩት እኔ መሆኔም ሊወጣ ነው።

"ከየት አውቄ? ቀኑን ሙሉ ተኝታ ነው የምትውለው" አልኩ።

"በልጅሽ ማይ" አሉኝ።

"ልጄን ያሳጣኝ" አልኩ።

ዘመዳችን እንኳ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። እሷ ግን እኔን ታየኝ ነበር።

ዘመዳችንን ይቅርታ ጠይቂ ተባለች፤ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ባል ፈልጊ፤ ኮምፒውተር ልጅ አይወልድልሽም" አሉ ፈረንጅ ያሉት ሽማግሌ። ተሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ባጃጅ ውስጥ ስንመለስ "ፍላሹን ስትመልሺው ኪስ ተሳስተሻል" አለችኝ።

"ለአንቺ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች። በሳምንቱ እንጭኒ ከተማ ሄዳ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች። እኔ ስደውል ታነሳለች፤ ደህና ነኝ ብላ ትዘጋለች።

አንድ ቀን ራሷ ደወለች። ሥራዋን ኢንተርኔት ላይ አውጥታዋለች፣ ስሞቹም በየቦታቸው ተመልሰዋል።

"አንቺንም ጽፌሻለሁ" አለችኝ።

"እኔን ለምን?"

"የለወጠ ይጻፋል ብዬሽ አልነበር? ቀኑን ጽፌ፣ ስሞቹን ሁሉ ያስጠፋችው እሷ ናት ብያለሁ።"

"ማሎ ልጄ፣ እባክሽ፣ አጥፊው።"

"ሰው ወስዶታል። እኔ ባጠፋው የወሰዱት ጋ አለ።"

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። "ስሜን ብቻ ነው? ወይስ የአባቴንም ጽፈሻል?"

"የአያትሽንም" አለችኝ።