ጨዋው ፈረስ

አገሩን ጣሊያን ይዞት ጉግስ ትጫወቱ ነበር ወይ የሚሉኝ አሉ። አዎን፣ እንጫወት ነበር። ጣሊያኑ ደብረ ማርቆስ ምሽጉን ይዞ ተቀምጧል፤ እኛ አማኑኤል አጠገብ ካለችው መንደራችን እናርሳለን፣ ለአርበኞች ስንቅ በድብቅ እናቀብላለን፣ ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ታቦቱን አስገብተን ስናበቃ ጋሻና ዘንግ ይዘን ሜዳ ላይ በፈረስ እንባረራለን። ጣሊያን መጣ ተብሎ ጥምቀት አይቀርም።

የእኔ ችግር ጣሊያን ሳይሆን የሚስቴ ወንድም ነበር። ሦስት ዓመት በተከታታይ በጉግስ ጀርባዬን በዘንግ መትቶኛል፤ እንዴት እንደ መታኝም በየማኅበሩና በየለቅሶው ሲያወራ ከርሟል። ጥፋቱ የእኔ አልነበረም። ፈረሴ አርጅቶ፣ ትንሽ ከሮጠ ቆሞ ያስል ነበር።

ደኅና ደኅናው ፈረስ ሁሉ ከአርበኛ ጋር ዱር ገብቷል። ገበያ የሚወጣው ወይ አንካሳ ነው ወይ አንድ ዓይና። ለጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀር ግን ደምበጫ ገበያ አንድ ዳማ ፈረስ አየሁ። አንገቱ፣ ደረቱ፣ አቋሙ፣ ኧረ ምኑ ቅጡ። ጥርሱን ገልጬ አየሁት፤ ገና ጎረምሳ ነው። ባለቤቱ ከደብረ ማርቆስ ሸሽቶ ገጠር የገባ ነገረ ፈጅ ነበር።

«ገንዘብ ምን ያደርግልኛል፣ አሁን ገበሬ ሆኛለሁ» አለኝ። «የሚያርስ በሬ ስጠኝ። ሦስት ቀን ወስደህ ሞክረው፤ ካልተስማማህ መልሰው።»

«ነውር የለበትም?» አልሁ።

«ምንም። እንዲያውም ጨዋ ነው።»

ጨዋ የተባለ ፈረስ አግኝቼ አላውቅም፤ ደስ አለኝ። እየጋለብሁ ቤቴ ገባሁና ለሚስቴ ነገርኋት።

«የትኛውን በሬ ነው የምትሰጠው?» አለች።

«ቀዩን።»

ቀዩን በሬ ከአባቷ ቤት ይዛው የመጣች እሷ ናት። ወደ እኔ ዞረች። «ታዲያ ፈረስና በሬ ጠምደህ ልታርስ ነው?»

«እሱን ከጥምቀት በኋላ እናያለን» አልሁ። ምን ዓይነት ደደብ እንደ ነበርሁ ከዚህ ዕወቁት። ነጠላዋን ደርባ አባቷ ቤት ሄደች።

አማቴ ወዲያው ላኩብኝ። «መጥቶ እግሬ ላይ ካልወደቀ ልጄን አያያትም፤ ጾም ሳይገባ አፋታታለሁ» ብለዋል። ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። እኔም «ሞቼ እገኛለሁ» ብዬ መለስሁ። ከዚያ ሽሮ አሳረርሁ፣ ያሳረርሁትን በላሁ፣ ማታ ማታ ለፈረሱ ብሶቴን አወራሁ። ሚስቴ በጣም ናፈቀችኝ። በጥምቀት የወንድሟን ጀርባ ካገኘሁ ሁሉም ነገር ይስተካከላል የሚል ሐሳብ ከየት እንደ መጣብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የጉግሱ ዕለት ዳማው በረረ። የሚስቴ ወንድም ከፊቴ እየሸሸ ነው፤ ጀርባው ሰፍቶ መኝታ መሰለኝ። ዘንጌን አነሣሁ። ሰውየው ማምለጫ ሲያጣ ሽማግሌዎቹ ወደ ተቀመጡበት ወደ ሜዳው ዳር ታጠፈ፤ ተከተልሁት። ከሽማግሌዎቹ መካከል አማቴ የጣሊያን ባርኔጣ አድርገው ቆመዋል። ከጣሊያን ራስ ላይ ማርኬ ነው ይላሉ፤ ገበያ በሁለት ዶሮ እንደ ለወጡት ግን አገር ያውቃል።

ፈረሴ ባርኔጣውን ሲያይ አራት እግሩን ተከለና ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ። እኔ አልቆምሁም። በአንገቱ ላይ አልፌ፣ እየጮህሁ ሄጄ፣ በግንባሬ አማቴ እግር ላይ አረፍሁ።

ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ። ከዚያ እልልታው ቀለጠ።

«ወደቀላቸው» አለ አንዱ። «ጨዋታውን ጥሎ ወደቀላቸው እኮ።»

አማቴ ጎንበስ አሉ። «በዚህ ሁሉ ሰው ፊት! ተነሥ ልጄ፣ ይቅር ብያለሁ። አንተም ይቅር በል።»

አፌ አቧራ ሞልቶት «እህ» ብቻ አልሁ።

«እሺ ማለቱ ነው» ብለው አንድ ሽማግሌ ተረጎሙልኝ።

ያን ዕለት ሚስቴ ተከትላኝ ቤቷ ገባች።

በማግሥቱ ፈረሱን ስቤ፣ ነገረ ፈጁን ልሰድበው ተዘጋጅቼ ሄድሁ። የሆነውን ስነግረው አንገቱን ደፋ። «ከተማ ሳለሁ ባርኔጣ ያደረገ ጣሊያን ሲመጣ ከፈረሱ ወርዶ እጅ ያልነሣ ይገረፍ ነበር» አለ። «እኔ ስወርድ፣ ስወርድ፣ እሱም መቆሙን ለመደ። ጨዋ ነው ያልሁህ ለዚህ ነው።» ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። ስንት ጊዜ ወርዶ ይሆን ብዬ ሳስብ ስድቤ ሁሉ ጠፋኝ። ልጓሙን ሰጥቼው ተመለስሁ።

ቤት ስደርስ ሚስቴ ምስር ትለቅማለች። በሐሰት የታረቀ ሰው ሆኜ መኖር ከበደኝ።

«ስሚ፣ ትናንት ወድቄ አይደለም» አልሁ። «ፈረሱ ጥሎኝ ነው።»

ቀናም አላለች። «አውቃለሁ። ይቅርታ የሚለምን ሰው እንዲያ እየጮኸ አይመጣም።»

«ታዲያ ለምን ተመለስሽ?»

«አባቴ ተነሥ ሲሉህ አልተነሣህም። እግራቸውን እንደ ያዝህ ብዙ ቆየህ። እሱን አይቼ ነው።»

ያልተነሣሁት የጎን አጥንቴ ተሰብሮ መነሣት አቅቶኝ ነበር። ልነግራት አፌን ከፈትሁ። እሷ በዚያን ጊዜ ቀና ብላ ፈገግ አለችልኝ፤ አፌን ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት አብረን ኖርን። ክረምት በገባ ቁጥር ጎኔን ይዤ ሳቃስት፣ ምን ሆንህ ስትለኝ፣ ብርድ ነው እላት ነበር።