ቤት አልባ ለመሆን የሚያስፈልጉ ምስክሮች

ላሊበላ የገባሁት አስተማሪ ሆኜ ነው። ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ ባለው ሰፈር አንዲት መበለት ክብ የድንጋይ ቤት ነበራቸው፤ ፎቁ ላይ እሳቸው፣ ምድር ቤቱ ውስጥ እኔ። ኋላ ሚስት አገባሁና ምድር ቤቱ ውስጥ እኛ ሆንን። ኪራዩ ለጤፍም ለጫማም የሚያስተርፍ ስለነበር ቤት የሚባል ነገር አሳስቦኝ አያውቅም።

ከዚያ ማስተር ፕላኑ መጣ። ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ባለቀለም ካርታ ተሰቅሎ ነዋሪው ለስብሰባ ተጠራ። ባለሙያው በዘንግ እየጠቆመ አስረዳን፦ ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድና ሆቴል፣ አረንጓዴው ቅርሱ የሚጠበቅበት። አከራዬ እጃቸውን አውጥተው "የኔ ቤት የቱ ጋ ነው?" አሉ። አረንጓዴው ላይ አሳያቸው። "ተመስገን፣ ለምለም ነው" ብለው ተቀመጡ። አረንጓዴ ማለት አዲስ ቤት የማይሠራበት፣ አሮጌው የማይታደስበት፣ ነዋሪውም ቀስ በቀስ የሚነሳበት መሆኑን ወደ ቤት ስንመለስ የነገርኋቸው እኔ ነኝ።

የዚያ ፕላን ጥበብ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አንድ ቤት ሳይፈርስ ኪራይ ጨመረ። አረንጓዴው ውስጥ ያለ ሰው ገና ተነሣ ሳይባል ማረፊያ መፈለግ ጀመረ፤ ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል ልቀጥል ያለው ፈቃድ ተከለከለ፤ ቢጫው ላይ ቦታ ያገኘው ደግሞ ደረጃውን የጠበቀ ቤት ሥራ ተባለ። ደረጃውን የጠበቀ ቤት የሠራ ሰው ለእንግዳ እንጂ ለአስተማሪ አያከራይም። አከራዬም እያፈሩ ጨመሩብን። "ምን ላድርግ ልጄ፣ እኔም ነገ ስነሣ የምከራየው በዚሁ ዋጋ ነው" አሉኝ። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። አንድ ጭማሪ ከተደገመ ከተማውን ለቀን መውጣታችን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንነጋገርበትም።

የቀረን መንገድ አንድ ነበር፤ በማኅበር ተደራጅቶ ቦታ መውሰድ። የመጨረሻው ዙር ነው ተባለ፤ ከዚያ በኋላ መሬት በሊዝ ጨረታ ብቻ። ጨረታ አንድ ጊዜ ሄጄ አይቻለሁ፤ አስተማሪ እዚያ የሚሄደው ለማየት ነው። ከባልደረቦቼ ጋር ተመዘገብሁ። ከዚያ ቤት እንደሌለኝ ሦስት ጎረቤቶች ኮሚቴው ፊት በመሐላ እንዲመሰክሩልኝ ተጠየቅሁ። ለካ ቤት ማጣትም እማኝ ይፈልጋል።

የመጀመሪያዋ ምስክር አከራዬ ነበሩ። "ቤት ቢኖረው እኔ ምድር ቤት ምን ይሠራል?" ብለው ጨረሱ። ሁለተኛው ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ነው፤ ማለና ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ሦስተኛውን በጥንቃቄ መረጥሁ፤ በሰፈሩ የተከበሩ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ። ቃላቸው እንደማይታጠፍ አውቄ ነው የመረጥኋቸው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው።

"አመልካቹ ቤት አለው ወይስ የለውም?" አሉ የኮሚቴው ሰብሳቢ።

"አለው እንጂ" አሉ መሪጌታው።

"የት?"

"ሙጃ። አምና ለተዝካር ስሄድ አድሬበታለሁ። የሱን መደብ ነው ያነጠፉልኝ።"

"እሱማ የአባቱ ቤት ነው፣ አባታችን።"

"የአባቱ ቤት ቤቱ ያልሆነ ልጅ አለ እንዴ? አባት በሕይወት እያሉለት ቤት የለውም ብዬ ልማል? ምን አድርጎ ነው የሚባረረው?"

ጸሐፊዋ "ቤት አለው፣ ሙጃ" ብላ ጻፈች። ደጅ ስንወጣ መሪጌታውን ሳልሰናበት መንገድ ጀመርሁ። "ተቆጣህ እንዴ? እኔ እኮ ስምህን አስከበርሁ" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ይኸው ነው የባሰ ያናደደኝ።

ኮሚቴው ሳምንት ሰጠኝ፤ አባትህ ራሳቸው መጥተው ከቤታቸው ድርሻ እንደሌለህ ይማሉ ተባለ። ላክሁባቸው፤ በገበያ መኪና መጡ። ከመናኸሪያው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ስንወጣ ነገሩን አስረዳኋቸው። ከፕላኑም ከማኅበሩም አንድ ነገር ብቻ ነጥለው ጠየቁኝ።

"መሐላ አለው?"

"አለው አባዬ፣ ግን ለፎርሙ ያህል ነው።"

ኮሚቴው ፊት ቆመው፣ ልጅዎ ቤት አለው ወይ ሲባሉ እኔን አዩና "የለውም" አሉ። ከእርስዎ ቤትስ? "የለውም።" ወደፊትስ? ይኼ ፎርሙ ላይ የለም ልል ነበር፤ ለካ ተጽፏል። "ወደፊትም የለውም" አሉ። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አሳረፉ። ጣታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ቢያሹት ቢያሹት አልለቅ አለ። ምሳ ጋበዝኋቸው፤ ብዙም አልበሉም።

ቦታውን አገኘሁ። ከተማው የሚያልቅበት ተዳፋት ላይ ነው፤ ውኃ አይወጣም፣ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፣ ግን ቢጫ ነው። እንደ ምንም ብለን ሁለት ክፍል አቆምንና ልጃችንን ይዘን ገባን። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ለዘመን መለወጫ ሕፃኑን ልናሳያቸው ሙጃ ሄድን። ፀሐይ ሳትጠልቅ አባቴ ሻንጣዬን አንሥተው ወደ ጎረቤት ቤት መንገድ ጀመሩ።

"እዚያ አስነጥፌልሃለሁ" አሉ።

"በእንግድነት ባድር ምናለ አባዬ?"

"እንግዳ አይደለህም። ልጅ ካደረበት ቤቱ ነው። እኔ ምያለሁ።"

እናቴ "ኧረ በእመቤቴ፣ ለወረቀት ነው እኮ!" ብላ አለቀሰች። አባቴ "እሷና ልጇ ይግቡ፣ ስለነሱ አልማልሁም" አሉ። ሚስቴና ልጄ በአባቴ ቤት አደሩ፤ እኔ ጎረቤት አደርሁ። ጠዋት አባቴ ቁርሴን ራሳቸው ይዘው መጡና አብረውኝ በሉ።

በየበዓሉ እንዲሁ ሆነ። ጎረቤቱ የኔን መደብ ለይቶ አስቀመጠልኝ። የንስሐ አባታቸውን ለምኜ "ቀኖና እሰጥዎታለሁ፣ መሐላውን እፈታለሁ" አሰኘሁ። አባቴ እንቢ አሉ። ለምን ብዬ ብጨቀጭቃቸው እንደ ሞኝ አዩኝ።

"መሐላው ከተፈታ ቦታውን በሐሰት ወሰድህ ማለት ነው። ቢቀሙህስ? ልጁን ይዘህ የት ትገባለህ?"

ለካ እኔን የሚያስወጡኝ ቤቴን እየጠበቁልኝ ነው። ያን ቀን ከጎረቤቱ አጥር ጀርባ ሄጄ አለቀስሁ።

አባቴ ታመሙ ሲባል ሙጃ ደረስሁ። ሰዉ ግባ፣ ግባ ይላል፤ እኔ ደጃፉ ላይ ቆምሁ። ከውስጥ ድምፄን ሰሙ መሰለኝ፣ አልጋዬን አውጡልኝ አሉ። አራት ሰው ተሸክሞ ግቢው መሐል አስቀመጣቸው። እንዳይበርዳቸው ጋቢውን እስከ አንገታቸው ሳብሁላቸውና አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

"አሁን ማንም ምንም አይልህ" አሉኝ።