በሐምሌ የተለወሰ ስቱኮ

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ጋብ ሲል ወጣ ብዬ፣ አሰላ መሀል ካለ አንድ የቀለም ሱቅ ስቱኮ ጠየቅኩ። ሻጩ ወጣት ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል «የግድግዳ ነው የመኪና፣ እናቴ?» አለኝ። «የመኪና» ስለው ቀና ብሎ ከነጠላዬ እስከ ጭቃ የጠገበው ጫማዬ ድረስ አየኝ። መኪና ያላት ሴትዮ አልመሰልኩትም፤ የለኝምም። ዕቃው አዲስ መሆኑን ሊያሳየኝ ክዳኑን ፈልቀቅ ሲያደርገው ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ወጣ። ባንኮኒው ላይ እንደተደገፍኩ ቀረሁ።

ይህን ሽታ መጀመሪያ ሳውቀው አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ማትሪክ ተፈትኜ ውጤት የምጠብቅበት ክረምት ነው። መጠበቅ የሚባል ነገር ደግሞ ከእኔ ጋር አልተፈጠረም። ቁጭ ስል እነሳለሁ፣ ስነሳ በር ላይ እገተራለሁ፤ የጭላሎ ተራራ በደመና ተሸፍኖ ይውላል፣ የጋሪ ፈረሶች ጭቃውን እያንቦጫረቁ ያልፋሉ፣ እኔ ድንች ልጬ ሳልጨርስ ሌላ ሥራ እጀምራለሁ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?» ትለኝ ነበር።

አባባ ጡረታ የወጡት በዚያው ዓመት ነው። ከኢተያ እስከ ዲክሲስ ባለው የስንዴ አገር ኮምባይነር ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከብዙ ዓመት በፊት አዲስ ማሽን ሊገጥም የመጣ አንድ ፈረንጅ መካኒክ ሲሰናበታቸው አንድ ካርቶን ሰጥቷቸው ነበር። ውስጡ እሳቸው የሚነዱት ዓይነት ኮምባይነር አለ፤ በፕላስቲክ የተሠራ፣ ክፍሎቹ ተበታትነው የመጡ፣ ተገጣጥሞና ተቀብቶ የሚቆም ትንሽ ሞዴል። መሪዋ ሳይቀር አለች፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ። «ጡረታ ስወጣ እሠራዋለሁ» ብለው ቁምሳጥኑ ላይ አስቀመጡት።

ጡረታ ወጡ። ግን የዚያ ሁሉ ዓመት የማሽን ንዝረት እጃቸው ላይ ቀርቶ ነበር፤ የሻይ ብርጭቆ ሲይዙ እንኳ ይንቀጠቀጣል። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ካርቶኑን ያወርዳሉ፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እያነሱ ያያሉ፣ መልሰው ይከድናሉ። ይህን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። አቅቷቸው ነው አልኩ። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴው ደመደምኩ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አባባና እናቴ ለለቅሶ ኢተያ ሄዱ። ሁለት ቀን አድረው ነው የሚመለሱት። አውቶቡሳቸው ከመናኸሪያ ሳይወጣ ካርቶኑ ጠረጴዛ ላይ ወርዶ ነበር። ሲመለሱ ኮምባይነሩን ተሠርቶ ቆሞ ሊያገኙት ነው። ገና ከወዲሁ ፊታቸው ሲበራ ይታየኝ ነበር።

ለእንዲህ ያለ ሥራ የተሠራ መሣሪያ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ አሰላ ውስጥ ግን አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ቤቱን ፈተሽኩ። ክፍሎቹን ከተያያዙበት ፍሬም ለማላቀቅ ቢላ ብሞክር የአንዷን ጫፍ ሰበረብኝ፤ ጥፍር መቁረጫ ተሻለ። ትንንሾቹን ለመያዝ የእናቴን ወረንጦ ወሰድኩ። እሾህ ሲያወጣ የኖረ ወረንጦ መሪዋን ጥርቅም አድርጎ ያዘልኝ። ያስቸገረኝ ብሩሽ ነው። የግድግዳው ብሩሽ ከማሽኑ ይሰፋል፤ የጥፍር ቀለም ብሩሽ ደግሞ ፀጉሩ ደረቅ ስለሆነ ቀለሙን እየቧጨረ ይሄዳል። በመጨረሻ የድሮ የውሃ ቀለም ብሩሼን ፀጉር በምላጭ አሳስቼ አንድ ቀጭን ጫፍ አገኘሁለት። ምሳዬን ቆሜ ነው የበላሁት፤ እናቴ ትታልኝ ከሄደችው በቅቤ የራሰ የገብስ ጩኮ አንድ ጉርሻ፣ አንድ ጎማ፣ አንድ ጉርሻ፣ አንድ ጎማ።

በማግስቱ ጠዋት ገላው ተገጠመ። የእህል ማጠራቀሚያው ሁለት ጎኖች የተገናኙበት ላይ ግን ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። እሱን እያየሁ መቀመጥ አልቻልኩም። የተጨራመተ የመኪና ገላ የሚያቃኑት ባትላሜራው ጋሼ ሁሴን ዘንድ ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ስቱኮ ይስጡኝ።»

«ለምንሽ ነው?»

«ለፕላስቲክ።»

መዶሻቸውን አስቀመጡ። «አባትሽ ናቸው የላኩሽ?»

«አዎ» አልኩ። ዋሸሁ።

«በዚህ ክረምት? ገርሞኛል» አሉና ካርቶን ቁራጭ ላይ ስቱኮ፣ ከዳር ደግሞ ቀዩን ማድረቂያ ጨመቁልኝ። «የእንቁላል ያህል ስቱኮ፣ የሽምብራ ያህል ማድረቂያ። ይሄ የተረፈው ለሌላ ጊዜ ነው። ስስ አድርገሽ ቀቢና ተይው፤ ነገ ሌላ ትደርቢበታለሽ። በብርድ ቶሎ አይደርቅም። ሱታ፣ ኢንታላ ኮ፤ ቀስ ነው፣ ልጄ።»

ቀስ የሚል ቃል ጆሮዬ አይገባም ነበር። ቀባሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ብነካው ይለጠፋል። ቤቱን ጠረግኩ፣ ተመልሼ ነካሁት፤ የጣቴ አሻራ ቀረበት። በንዴት ጠርጌ አነሳሁትና የቀረኝን ስቱኮ ከቀረኝ ማድረቂያ ጋር ሁሉንም ለወስኩት። ክፍተቱን በወፍራሙ ሞላሁ። ያም አልበቃኝ፤ ከሰል አቀጣጥዬ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩትና ደጅ ወጥቼ መንጎራደድ ጀመርኩ።

ስመለስ ስቱኮው ደርቋል። ብነካው ይፋጃል። የማጠራቀሚያው ጎን ግን ወደ ውስጥ ተጨማዶ አፉ ወልግዷል። ላቃናው በሁለት እጄ ጫን ስለው ስንጥቅ አለ። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በዓለም ላይ አባባ ያላቸው አንድ ሞዴል ነው፣ እሱንም አበላሸሁባቸው።

ሲመለሱ መደበቅ አልሆነልኝም፤ ጋቢያቸውን ሳያወልቁ አሳየኋቸው። በአውራ ጣታቸው ስቱኮውን ዳሰሱ።

«ማድረቂያ አብዝተሻል» አሉ።

«አባባ፣ እጅዎ… ያቃተዎት መስሎኝ ነው።»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከአልጋቸው ስር አንድ የጫማ ካርቶን ስበው አወጡና ጭኔ ላይ አኖሩት። ውስጡ ወረንጦ አለ፣ በትንንሹ የተቆራረጠ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከስቴኪኒ የተቀረጸ የስቱኮ መቀቢያ። ከላም ጅራት ፀጉር የተሠሩ ሦስት ብሩሾችም አሉ፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ አጥብቆ እንዲይዛቸው መያዣቸው በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ተጠቅልሎ ወፍሯል። ከሁሉ በታች ያልተከፈተ የመኪና ስቱኮ።

«ሁሴን ነው የሰጠኝ፣ ግንቦት ማለቂያ ላይ። ክረምት እየገባ ነው፣ ጥቅምት ድረስ እንዳትነካው አለኝ። ጥቅምትን ነበር የምጠብቀው።»

«ታዲያ በየቀኑ የሚያወርዱት?»

«ልምምድ ነዋ! የቱ በየት እንደሚገባ በሐሳቤ ገጥሜ ጨርሻለሁ።»

ልጅ ሆኜ አንድ የመኸር ሰሞን ዲክሲስ ይዘውኝ መሄዳቸው ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ባለ እርሻው ደመና እያየ «ይጀምሩልኝ፣ ዝናብ ሊመጣብኝ ነው» እያለ ይለምናል። አባባ ከስንዴው ዛላ አንድ ፍሬ ፈልፍለው በጥርሳቸው ነከሱ። ቀጭ አላለም፤ ገና አልደረቀም። የማሽኑን ቁልፍ ኪሳቸው ከተው ጥላ ስር ተቀመጡ። ያን ቀን ከባለ እርሻው ጋር ወዲያ ወዲህ ስል የዋልኩት እኔ ነኝ።

ውጤት መጣ፣ ምድቤ ሩቅ ሆነ፣ ጥቅምት ሳይገባ ሄድኩ። ለገና ስመለስ ኮምባይነሩ ሬድዮው ላይ ቆሟል። የቀለሙ መስመሮች ትንሽ ይወላገዳሉ፣ ግን ቆሟል። «እስቲ ያበላሸሽውን ቦታ ፈልጊ» አሉኝ እየሳቁ። አገላብጬ አየሁ፤ አላገኘሁትም። ደስ አለኝ፣ ከፋኝም። ያን ሁሉ ሲሠሩ አጠገባቸው አልነበርኩም።

አባባ ካረፉ ቆይተዋል። በዚህ ክረምት ቤት ሳጸዳ ኮምባይነሩ ከእጄ አመለጠና ጎኑ ተሰነጠቀ። ያበላሸሁት ቦታ የት እንደነበረ ያን ጊዜ አየሁት። በስንጥቁ ውስጥ ስቱኮው ተደራርቦ ይታያል፤ ስስ፣ በላዩ ሌላ ስስ፣ በላዩ ሌላ። መነጽሬን አድርጌ ዘጠኝ ድረስ ቆጠርኩ። እያንዳንዱ አንድ ቀን የተጠበቀበት ነው።

የገዛሁት ስቱኮ አሁን ከኮምባይነሩ አጠገብ ተቀምጧል። ወሩ ሐምሌ ነው። ዛሬ ጠዋት ብቻ ሁለቴ ክዳኑን ከፍቼ ዘግቻለሁ።