ሁለተኛው ምስክር

ፊደል የቆጠርሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። የዶክትሬት ትምህርት ስጀምር ሽበቴን መሸፈን ትቼ ነበር፤ በትምህርት ክፍላችን በዕድሜ የሚበልጠኝ አማካሪዬ ብቻ ነው፣ እሱም በአንድ ዓመት። ጥናቴ በጣሊያን ዘመን የይፋት ቆላ ሰው እንዴት እንደኖረና በምን እንደሞተ የሚመረምር ነበር። እውነቱን ለመናገር ርእሱን የመረጥሁት ለአባቴ ስል ነው። እናቴ ከልጅነቴ ጀምራ፣ «አባትሽ ጣርማ በር ላይ ጣሊያንን ሲዋጋ ወደቀ» ትለኝ ነበር። ስለ አርበኞቹ በምጽፈው ምዕራፍ ስሙን ላሰፍርለት ፈለግሁ።

አማካሪዬ የእናቴን ቃል አንብቦ ወረቀቱን መለሰልኝ።

«አንድ ሰው የተናገረው አይበቃም። ሁለተኛ ምስክር አምጪ።»

«እናቴ እኮ ናት።»

«ለሌሎቹ ሁሉ ሁለት ሁለት አምጥተሽ የለም?»

አምጥቻለሁ። ደንቡን ከእሱ ይልቅ የማጠብቀው እኔው ነበርሁ። ስለዚህ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ እናቴ ወደምትኖርበት ወረድሁ።

እናቴ የሮቢት ልጅ ናት፤ አባቴ ግን ከደብረ ሲና በላይ ያለ ደገኛ ነበር። በዚያ ዘመን ሮቢት ገበያ የወረደ ደገኛ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ዳገቱን ይያያዘዋል። ቢመሽበት እንኳ ኮረብታ ፈልጎ ያድራል እንጂ ቆላ አይተኛም። ወባን ንዳድ ይሉታል፤ የሚመጣውም ከቆላ አየር ነው ብለው ያምናሉ። ስለ ትንኟ ባያውቁም ልማዱ ብዙ ሰው አትርፏል።

ሁለተኛ ምስክሬ ያን ጊዜ ጨው በበቅሎ ጭነው ወደ ደጋ ይወጡ የነበሩ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። ግራር ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ዶክተር ልትሆኚ ነው አሉኝ። እንግዲያስ ይህን ጉልበቴን እይልኝማ!»

«የመጽሐፍ ዶክተር ነኝ አባባ፤ መርፌ የለኝም።»

«ታዲያ ምን ይሠራልናል!» ብለው ሳቁ።

የአባቴን ስም ስነግራቸው ሳቃቸው ቆመ።

«ተዋግቶ? የለም ልጄ። ወላሂ፣ እሱ ጠመንጃ ጨብጦ አያውቅም። ጣሊያን ጣርማ በር ላይ መንገድ ሲያወጣ ድንጋይ ፈላጭ ነበር። እናትሽ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት ወርዳለች። ቀኗ ሲደርስ ፈራችና፣ ‹ሳልሞት ይድረስልኝ› ብላ በእኔ ላከችበት። ጥቅምት ነው፤ ንዳድ የሚበረታበት። ‹ሲመሽ ሲመሽ ኮረብታው ላይ ውጣ› አልሁት። ‹እሷ እየጮኸች ወዴት ነው የምወጣው?› አለኝ።»

«ስንት ሌሊት አደረ?»

«አራት። አንቺ ተወለድሽ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ካቦው ‹ሰነፍ› ብሎ ሲያባርረው በንዳድ ይንቀጠቀጥ ነበር። በበቅሎዬ ጫንሁት። ቤቱ ሳላደርሰው ሞተ።»

«አራት ሌሊት» ብዬ ጻፍሁ። እንደ ባዳ ሰው ነበር የጠየቅኋቸው።

ቤት ስገባ እናቴ ሰፌድ ላይ ማሾ ትለቅማለች። ፊቴን አየችና እጇን ሰበሰበች።

«ነገሩሽ።»

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«ምን ልበልሽ? ‹አንቺ ስትወለጂ ነው የሞተው› ልበልሽ? ይህን ተሸክሞ የሚያድግ ልጅ አለ? ጣሊያን ገደለው አልሁ። ጣሊያን እንደሆነ ብዙ ገድሏል፤ አንድ ቢጨመርበት አይከብደውም።»

«ታዲያ በእኔ ምክንያት ነዋ የሞተው።»

«ዝም በይ! የጠራሁት እኔ ነኝ። አገሩን የማውቅ የቆላ ልጅ፣ ጥቅምት ላይ ደገኛ እጠራለሁ? እናቴ አጠገቤ ነበረች፣ አዋላጇም ነበረች። ምን ጎደለብኝ?»

ሁለታችንም አንድን ሞት ወደየራሳችን እየጎተትን ቆየን። በኋላ፣

«ትጽፊዋለሽ?» አለችኝ።

«ካልፈለግሽ እተወዋለሁ» አልሁ። እንዲህ ያለ ቃል ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

«ጻፊው። ግን የጠራሁት እኔ መሆኔንም ጻፊ። ያ ሳይጻፍ ከቀረ በአንቺ ያመካኙታል።»

አባቴን ከአርበኞቹ ምዕራፍ አውጥቼ በንዳድ ከሞቱት የመንገድ ሠራተኞች ጋር አሰፈርሁት። በግርጌ ማስታወሻው ላይ፣ የላከችበት ባለቤቱ መሆኗን ራሷ እንደተናገረች ጻፍሁ። ያቺን አንዲት መስመር ስንት ጊዜ ጽፌ እንደሰረዝኋት አላስታውስም። እንዴትም አድርጌ ብጽፋት ክስ ትመስላለች።

ጥናቴን በተከላከልሁበት ቀን ፈታኞቹ ስለ ቦታ ስሞች ተከራከሩኝ፤ ስለ ምስክሮቼ ብዛት አመሰገኑኝ። ስለዚያ ገጽ ቢጠይቁኝ የምሰጠውን መልስ በቃሌ አጥንቼ ነበር የገባሁት። አንድም ሰው አልጠየቀኝም።

በሳምንቱ ሮቢት ስደርስ እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ሰጡሽ?»

«ሰጡኝ።»

እልል ትላለች ብዬ ነበር። አላለችም።

«ስለ እኔ ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም፣ እማዬ።»

«ሳያነቡት ነው የሰጡሽ?»

«አንብበውታል።»

መቃኑን ይዛ ቁልቁል ወደ መንገዱ ተመለከተች።

«ካነበቡትስ» አለች፣ «አንድ ሰው እንኳ ሊቆጣኝ ይገባ ነበር።»